የሉሊንግ የውኃ ማማ ለምን ሐብሐብ መሰለ?

አንድ ጠያቂ ቴክሳስ ውስጥ በሉሊንግ ከተማ ሲያልፉ ሐብሐብ መስሎ የተቀባውን የውኃ ማማ አይተው፣ «የነዳጅ ከተማ ናት ከተባለ ሐብሐቡ ከየት መጣ?» ብለው ጠይቀዋል። እንደ እኔ አመለካከት ሁለቱም የከተማዋ ታሪክ ናቸው።

በ1874 እ.ኤ.አ. ከባቡር ሐዲድ ጋር የተቆረቆረችው ሉሊንግ በጥጥ ስትተዳደር ቆይታ፣ ኤድጋር ዴቪስ የተባለ የማሳቹሴትስ ሰው ደጋግሞ ደረቅ ጉድጓድ ካስቆፈረ በኋላ በ1922 ነዳጅ አገኘ። በ1926 ይዞታውን በ12 ሚሊዮን ዶላር ሸጦ ለሠራተኞቹና ለከተማዋ በልግስና ከሰጠ በኋላ፣ ገበሬው በጥጥ ብቻ እንዳይንጠለጠል የሚያስተምር የእርሻ ተቋም በ1927 መሠረተ።

ሐብሐቡ የከተማዋ መለያ የሆነው ከ1954 ጀምሮ በየዓመቱ በሰኔ በሚከበረው «ተምፕ» በተሰኘው በዓል ነው፤ ስሙም ሐብሐብ መብሰሉን ለማወቅ በጣት ሲመታ ከሚሰጠው ድምፅ የመጣ ነው (እኛም ገበያ ላይ የምናደርገው ነው)።

ማማው ለሥዕል የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ይመስለኛል፦ የ10 ሜትር የውኃ ከፍታ አንድ ባር (የግፊት መለኪያ) ያህል ግፊት ስለሚሰጥ፣ ሜዳማ በሆነ አገር ጋኑ ከቤቶቹ ሁሉ በላይ መሰቀል አለበት፤ ስለዚህ ከሩቅ የሚታየውም እሱ ነው።