አይጂኤፍ-1 ለደም ሥር ይበጃል ወይስ ይጎዳል?

ጥያቄ፦ በደም ምርመራ ውጤቴ ላይ «አይጂኤፍ-1» የሚል መለኪያ አይቼ ስለ ምንነቱ ሳነብ፣ አንዱ ጽሑፍ የደም ሥርን ያሰፋል ሲል ሌላው ግድግዳውን ያወፍራል ይላል። «ተሸካሚ ፕሮቲኖች» የሚባሉም እንዳሉ ተጽፏል። የትኛውን ልመን? ፕሮቲኖቹስ ሥራቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ጽሑፎች ልክ ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ስለ ተለያዩ የደም ሥር ክፍሎች ነው።

አይጂኤፍ-1 ከ70 አሚኖ አሲዶች የተሠራ፣ በቅርጹ ኢንሱሊንን የሚመስል ሆርሞን ሲሆን፣ በደም ውስጥ ከሚዘዋወረው አብዛኛው በእድገት ሆርሞን ትእዛዝ ከጉበት የሚመነጭ ነው። ብቻውን ቢሆን በደቂቃዎች ውስጥ ከደም ይጠፋ ነበር። ስለዚህ ከአንድ እስከ ስድስት በቁጥር ከሚለዩ ስድስት ዓይነት ተሸካሚ ፕሮቲኖች በአንዱ ተይዞ ይጓዛል፤ ነጻ ሆኖ የሚገኘው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ሦስተኛው ተሸካሚ ሲሆን፣ ሌላ ከጉበት የሚመነጭ ፕሮቲን ሲታከልበት 150 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ያህል የሚመዝን ትልቅ ጥምረት ይሆናል። ይህ ጥምረት የቀጫጭን ደም ሥሮችን ግድግዳ አልፎ መውጣት ስለማይችል ሆርሞኑን ለሰዓታት በደም ውስጥ ያቆየዋል። የእርስዎ ምርመራ በዋናነት የለካውም ይህንን ክምችት እንጂ ሥራ ላይ ያለውን ሆርሞን አይደለም።

ሆርሞኑ ከትልቁ ጥምረት ተላቅቆ በአንድ ተሸካሚ ብቻ ሲያዝ ግድግዳውን መሻገር ይችላል። በውስጠኛው የግድግዳ ሽፋን ላይ ካሉት ተቀባዮች ጋር ሲገናኝ ህዋሳቱ ደም ሥርን የሚያላላ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ እንዲያመነጩ ያደርጋል፤ ደም ሥሩም ይሰፋል። ከሽፋኑ በታች ያሉት የጡንቻ ህዋሳት ጋ ሲደርስ ደግሞ እንዲባዙና ከቦታቸው እንዲንቀሳቀሱ ይገፋፋቸዋል። መባዛታቸው መተላለፊያውን ሊያጠብ ቢችልም፣ በደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ በሚፈጠር የስብ ክምችት ላይ ጠንካራ ክዳን ሠርተው እንዳይቀደድ የሚከላከሉትም እነዚሁ ህዋሳት በመሆናቸው በደፈናው ጎጂ ናቸው ማለት አይቻልም።

ሆርሞኑ የት እንደሚለቀቅ የሚወስኑት በአብዛኛው ተሸካሚዎቹን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ናቸው። ለምሳሌ ፒኤፒፒ-ኤ የተባለው ኢንዛይም አራተኛውን ተሸካሚ ሲቆርጠው፣ ፕሮቲኑ ሆርሞኑን አጥብቆ መያዝ ስለሚያቅተው እዚያው በአካባቢው ይለቀዋል። ይህ ኢንዛይም በተቀደዱ የስብ ክምችቶች ውስጥ በብዛት ተገኝቷል፤ በቦታው መገኘቱ ብቻ ግን ጥፋተኛ አያደርገውም። በሌላ በኩል የመጀመሪያው ተሸካሚ ያለ ሆርሞኑም ቢሆን ከህዋሳት ገጽ ጋር ተጣብቆ እንቅስቃሴያቸውን ሊለውጥ ይችላል። የዚህ ተሸካሚ መጠንም ኢንሱሊን ሲጨምር ስለሚቀንስ፣ ከምግብ በኋላ ዝቅ ብሎ በጾም ሰዓት ከፍ ይላል።

የሆርሞኑ ማነስም ጉዳት እንዳለው ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ዓይን በግልጽ ያሳያል። በእነርሱ ደም ውስጥ አይጂኤፍ-1 ዝቅተኛ በመሆኑ የሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን) ደም ሥሮች እድገት ይቆማል፤ ኦክስጅን ያነሰው ሬቲና ሌላውን የደም ሥር አብቃይ ፕሮቲን፣ ቪኢጂኤፍን፣ ያከማቻል፤ በኋላ አይጂኤፍ-1 ሲጨምር ሁለቱ ተባብረው ደም ሥሮቹን ያለ ሥርዓት ሊያበዟቸው ይችላሉ።

ወደ ውጤትዎ ስንመለስ፣ መጠኑ በጉርምስና ከፍ ብሎ ከዕድሜ ጋር ስለሚቀንስ መነጻጸር ያለበት ከዕድሜዎ መለኪያ ጋር ነው፤ የጉበት ሕመምና የምግብ እጥረትም ዝቅ ያደርጉታል። ሐኪሞች ይህን ምርመራ የሚያዙት በአብዛኛው የእድገት ሆርሞን ችግርን ለመለየት ስለሆነ፣ ስለ ደም ሥርዎ ጤና ማወቅ ከፈለጉ የደም ግፊት፣ የኮሌስትሮልና የስኳር ልኬቶች ይበልጥ ይጠቅሙዎታል።