ከቤታችሁ እርጎ ጀምሪ

ሰላም እህቴ። የዳንግላ ልጅ ነሽ፣ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት። ለሆድ የሚስማሙ ባክቴሪያዎች (ፕሮባዮቲክ) የመድኃኒት ዕፅዋትን ንጥረ ነገር ብክለት ሳያበዙ እንዲሠሩ የሚያደርግ ሙያ ውስጥ መግባት ፈልገሻል። ቤተሰብሽ ግን «ጎጃም ውስጥ በዚህ ማን ይቀጥርሻል?» ይላሉ።

እውነት አላቸው። በዚህ ስም የወጣ የሥራ ማስታወቂያ ማርቆስ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አታገኚም። ግን አትተዪው።

የወባ መድኃኒቱን አርቴሚሲኒንን ውሰጂ። ከሚገኝበት ተክል ደረቅ ቅጠል ውስጥ ብዙውን ጊዜ 1 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነው የሚገኘው። ለ1 ኪሎ 100 ኪሎና ከዚያ በላይ ቅጠል ያልቃል፤ የሚወጣውም እንደ ሄክሴን ባሉ ከነዳጅ በሚሠሩ ፈሳሾች ነው። ጥቁር እንጨት የሚባለው ዛፍም ቅርፊቱ ለፕሮስቴት መድኃኒት እየተላጠ ተመናመነና ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር ሥር ገባ።

ሌላው መንገድ የተክሉን ጂን ረቂቅ ተሕዋስ ውስጥ አስገብቶ ስኳር እየቀለቡ ማሠራት ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ሥራ እርሾ በሊትር 25 ግራም የአርቴሚሲኒን መነሻ አሲድ ሠርቷል። ለሆድ ከሚስማሙት ባክቴሪያዎች ደግሞ ኢ. ኮላይ ኒስል 1917 የሚባለው አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጓዶቹ በተቅማጥ ሲወድቁ እሱ ደህና ከሆነ ወታደር የተገኘ ነው። የወተት ባክቴሪያዎችም አሉ። ሰው ለዘመናት ሲበላቸው ስለኖረ ብዙ አያስፈሩም።

ብክለቱ ግን በራሱ አይጠፋም! ስኳሩ ከእርሻ ይመጣል፣ ማብላያ ጋኑ መብራት ይበላል፣ የሚተርፈው ውኃም ጂኑ የተለወጠ ባክቴሪያ ስላለበት፣ ባክቴሪያው ሳይገደል ወንዝ ውስጥ ሊለቀቅ አይገባም። ከአሮጌው መንገድ ይሻላል ለማለት መለካት ያስፈልጋል። እኔ አንቺን የማስብሽ እዚህ ላይ ነው። ባክቴሪያ ማራባትና ፍሳሽ መለካት አንድ ላይ የምትችል ልጅ ቢራ ፋብሪካም፣ ወተት ማቀነባበሪያም፣ የውኃ ጥራት ላቦራቶሪም ትሠራለች። ዳቦሽን እየበላሽ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ባዮቴክኖሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ማመልከት ትችያለሽ።

ለመመረቂያ ጥናትሽ ጂን ልለውጥ ብለሽ አትነሺ። ገንዘቡም ዕቃውም ያስርሻል። ከቤታችሁ እርጎ ወይም ከጤፍ ሊጥ ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ (ወተቱን ወይም ሊጡን የሚያኮመጥጠውን) ለይተሽ አውጪ፣ ከዚያ አሲድና ሐሞት ይችል እንደሆነ ፈትሺ። ርካሽ ነው፣ የፕሮባዮቲክ ምርመራም የሚጀምረው እንዲህ ነው። እናትሽ ቅሉን አጥባ በወይራ የምታጥነው ለሽታው ብቻ አይደለም፣ የማይፈለገውን ተሕዋስ ትቀንሳለች። ላቦራቶሪ ውስጥም የሙያው ግማሽ ይኸው ነው፦ የፈለግሽውን ማሳደግ፣ ያልፈለግሽውን ማራቅ። ኬሚስትሪውንም አትሽሺው።

አንድ ነገር አደራ። ስለ ዳማከሴ ወይም ስለ ግራዋ ከባህል ሐኪም ጠይቀሽ የምትሠሪ ከሆነ የማኅበረሰብ ዕውቀት በአዋጅ 482/1998 የተጠበቀ ነው። አስፈቅደሽ ውሰጂ፣ ያስተማሩሽንም ሰዎች ድርሻ አትርሺ። ብዙ ተማሪ ይህን ዘሎ ያልፋል፣ እኔ ግን በጣም ያሳስበኛል።

ርዕስ ከማስመዝገብሽ በፊት የላቦራቶሪ ቴክኒሻኑን ስንት ፔትሪ ዲሽና (የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳህን) ባክቴሪያው የሚያድግበት አጋር የሚባለው ዱቄት ስንት እንዳለ ጠይቂው፣ ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክነው አውቶክሌቭ ይሠራ እንደሆነም እዪ። መልሱን ይዘሽ ጻፊልኝ፣ ርዕሱን አብረን እናጠብበዋለን።