ባሌ ሥራውን ሊለቅ ነው፤ ለአባቱ ንገሪልኝ ይለኛል

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ሃይደራባድ እኖራለሁ። ወደ ሕንድ የመጣሁት አንድራ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሴን ልማር ነበር፤ እሱንም እዚያው ቪሳካፓትናም ነው ያወቅኩት። አንድራ ፕራዴሽ በሚባለው ክልል ያለችው የጉንቱር ከተማ ልጅ ነው፤ ሶፍትዌር ኢንጂነር። በሰባት ዓመት ውስጥ አራት መሥሪያ ቤት ቀይሯል። በቀየረ ቁጥር ደመወዙ ስለሚያድግ ቤተሰቡ ደስ ይለው ነበር። አሁን ያለበት ድርጅት አሜሪካ፣ ዳላስ ወዳለው ቅርንጫፉ ሊያዛውረው ነው። እሱ ግን አልሄድም አለ። ጓደኛው ጉንቱር ላይ የበርበሬ ማቀዝቀዣ መጋዘን ስላለው እዚያ ልሥራ ይላል፤ ያውም ከግማሽ በታች በሆነ፣ በዓመት 1,000,000 ሩፒ ደመወዝ (የቤት ብድራችን በወር 45,000 ነው፤ ለወላጆቹም 20,000 እንልካለን)። ለወላጆቹ አልተናገረም። እናቱ ቪዛው እንዲሳካ ቺልኩር ቤተ መቅደስ ሄደው ተስለዋል (እኔ በትዳር ያገኘሁት ቪዛ ሥራ ስለማይፈቅድልኝ ቤት ነኝ)። አባቱ እሁድ እሁድ በቪዲዮ ሲደውሉ ስልኩን ለእኔ ያቀብለኝና በረንዳ ይወጣል። «አንቺ ብትነግሪያቸው ይሻላል» ይለኛል። ለእሱ ትምህርት ሁለት ኤከር መሬት የሸጡ ሰው ናቸው፤ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ? ታናሽ እህቱም ገና አላገባችም። አክስቱ የጠረጠሩ ይመስለኛል፤ «የውጭ ሴት አግብቶ ልቡ ሸፈተ» ማለት ጀምረዋል። ከእሱ ጎን ልቁም ወይስ ከአማቶቼ? ከሁለት ያጣሁ ልሆን ነው።
ስሜ ይቆይ፣ ከሃይደራባድ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ትልቁ ነገር ዳላስ ወይም በርበሬው አይመስለኝም። ያቺ የእሁዷ ስልክ ነች።

ሙሬይ ቦወን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ቤተሰቦችን ሲያጠና ያስተዋለው ነገር አለ። በሁለት ሰዎች መካከል ውጥረት ሲበዛና ፊት ለፊት መነጋገር ሲያቅታቸው፣ ሦስተኛ ሰው ስበው ያስገባሉ። ለጊዜው ሁለቱም ቀለል ይላቸዋል። ጭንቀቱን ግን ሦስተኛው ሰው ተሸክሞት ይቀራል። ባለቤትሽ በረንዳ ላይ ሲወጣ አየር የሚያገኘው እሱ ነው፤ አንቺ ወጥ ቤት ቆመሽ ስለ ቪዛ ትጠየቂያለሽ። እኛ አገር ሽማግሌ የሚላከው እንቢ ቢባል የማይጎዳ ሰው ነው። ባለቤትሽ ግን ሙሽራዋን ራሷን ሽማግሌ አድርጎ ልኳል።

ስለዚህ «ከማን ጎን ልቁም?» ለሚለው ጥያቄሽ አልመልስም። ጥያቄው ራሱ ያንቺ አይደለም። አባትና ልጅ መነጋገር ስላልቻሉ የወደቀብሽ ነው። ወሬውን አንቺ ካደረስሽው ደግሞ አክስትየዋ የሚሉት እውነት መስሎ ይቀራል። በቃ፣ «ሚስቱ ናት የመከረችው» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ብትምይም የሚሰማሽ የለም።

ግን ባለቤትሽን ፈሪ ብለሽ እንዳትደመድሚ። የፈራው ነገር ቀላል አይደለም።

አንድራ ውስጥ ብዙ ልጆች አሥረኛ ክፍልን ሲጨርሱ ማደሪያ ያለው ኮሌጅ ይገባሉ። ጎህ ሳይቀድ ተነስተው እስከ ማታ ለምህንድስና መግቢያ ፈተና ይሸመድዳሉ። ክፍያው ውድ ነው፤ እንደ አማትሽ መሬት የሚሸጥም፣ የሚበደርም አለ። መሬት ሸጦ ያስተማረ አባት «አሜሪካ ሂድ» ሲል ምኞቱን ብቻ እየተናገረ አይደለም፤ የጡረታውን ነገር እየጠየቀ ነው። አብዛኛው የሕንድ ገበሬና አነስተኛ ነጋዴ ከልጁ ሌላ ይህ ነው የሚባል ጡረታ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሕግ እንኳ ልጅ አቅመ ደካማ ወላጁን እንዲጦር ያስገድዳል። እኛም ጋ ቢሆን አረብ አገር ወይም አሜሪካ ያለ ልጅ ደመወዝ የቤተሰብ ሁሉ ደመወዝ ነው፤ ይህን ላንቺ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

የእህቱም ጉዳይ አለ። እዚያ ጥሎሽ የሚከፍለው የሴቷ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በሕግ ቢከለከልም በየሰርጉ መጠየቁ አልቀረም። አሜሪካ የሚሠራ ወንድም ያላት ልጅ የተሻለ ቤተሰብ ያጫታል ብለው ያስባሉ። እንግዲህ «ሰው ምን ይላል» የሚለው ፍርሃታቸው ከንቱ ይሉኝታ ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ገንዘብ አለ። ትልልቅ ሰዎችን «ለሰው ወሬ አትጨነቁ» ብሎ መምከር የማይሠራውም ለዚህ ነው።

እናቱ ቺልኩር ሄደው እንደተሳሉም ጽፈሽልኛል። ለማያውቁ አንባቢዎች፦ ሃይደራባድ አጠገብ ያለው ይህ የሂንዱ አምላክ የባላጂ ቤተ መቅደስ በሕዝብ ዘንድ «ቪዛ ባላጂ» ይባላል። ስለት ያለበት ሰው 11 ጊዜ ይዞረዋል፤ ከተሳካለት ተመልሶ 108 ጊዜ ይዞራል። እናቱ 11ዱን ጨርሰው 108ቱን እየጠበቁ ነው። ልጃቸው አሁን «ቪዛውን አልፈልግም» ሊላቸው ነው። ምላሱ ቢተሳሰር ይፈረድበታል?

ወደ እሱ ልመለስ። ባለቤትሽ የሚሠራበት ዓለም ድካምን እንደ ስንፍና ያያል። የሶፍትዌር ኩባንያው የኢንፎሲስ መሥራች ናራያና ሙርቲ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ወጣቶች በሳምንት 70 ሰዓት መሥራት አለባቸው ብለው አገሩን አነጋገሩ። በጥር 2025 ደግሞ የምህንድስናና የግንባታ ኩባንያው የላርሰን ኤንድ ቱብሮ ሊቀ መንበር 90 አደረሱት፤ ቤት ተቀምጣችሁ ሚስታችሁን እስከ መቼ ታያላችሁ ዓይነት ንግግርም ጨመሩበት። ሕዝቡ ሳቀባቸው፣ ተቆጣቸውም። ሰኞ ሲደርስ ግን ሁሉም ያው ቢሮው ገባ። በዚህ ላይ የአሜሪካ መንገድ እንደ ድሮው አይደለም። በመስከረም 2025 በወጣው አዋጅ ብዙ ሕንዳውያን በሚሄዱበት ኤች-ዋን-ቢ የሥራ ቪዛ ለአዲስ ማመልከቻ 100,000 ዶላር ተጥሏል። ያንቺ ባለቤት በውስጥ ዝውውር ስለሚሄድ ይህ አይነካው ይሆናል። ግን እዚያ ያሉ ጓደኞቹ ግሪን ካርድ ስንት ዓመት እንደሚያስጠብቅ ሳይነግሩት አይቀሩም።

አንድ ነገር ግን እጠራጠራለሁ። ወደ መጋዘኑ የሚስበው ነገር አለ ወይስ ከቢሮው የሚያባርረው ብቻ ነው? ሁለቱ ይለያያሉ። ድካም ከሆነ ጉንቱርም ተከትሎት ይሄዳል። በሰባት ዓመት አራት ሥራ የቀየረ ሰው አምስተኛውን ቅያሬ እንደ መድኃኒት ሊያየው ይችላል። ይህን ለማወቅ ጭቅጭቅ አያስፈልግም። የዓመት እረፍቱን ይውሰድና በርበሬው በሚጎርፍበት ወቅት፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ ሁለት ሳምንት መጋዘኑ ውስጥ ይሥራ። በዚያ ሙቀት፣ እያስነጠሰ፣ ከጫኝና አውራጅ ጋር ሒሳብ እየተከራከረ። ከዚያም በኋላ ዓይኑ ካበራ የምር ነው።

እንቅልፍ ካጣ፣ ጠዋት መነሳት ካስጠላው፣ ድሮ የሚወደው ነገር ሁሉ ካልጣመው ግን ከሥራ ቅያሬ በፊት ሐኪም ይቅደም። በሕንድ ቴሌ-ማናስ የሚባል ነፃ የመንግሥት የአእምሮ ጤና መስመር አለ፤ ቁጥሩ 14416 ነው። በቴሉጉም ያናግራሉ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር በአፍ መፍቻ ቋንቋ መናገር ይቀላል።

የምር ከሆነስ? እንግዲያው ጉንቱር ሄዶ አባቱን በአካል ያናግር። በስልክ አይሆንም። የሥራ መልቀቂያውን ከማስገባቱ በፊት ይሁን። የሶፍትዌር ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ ስለሚጠይቁ ጊዜ ያለው ይመስለዋል፤ የለውም። እሱ ቢሮ ውስጥ አንድ የጉንቱር ልጅ አይጠፋም፤ ወሬው በማግስቱ አክስትየዋ ቤት ነው።

ንግግሩን በበርበሬው አይጀምር፤ በመሬቱ ይጀምር። «ናና (አባዬ)፣ መሬቱን ለምን እንደሸጡት አልረሳሁም። በየወሩ የምልከው አይቋረጥም። አሜሪካ ግን አልሄድም።» ይኸው ነው። ረጅም ማብራሪያ ልመና ይመስላል። አባቱ ዝም ሊሉ ይችላሉ፤ እናቱም ምግብ ሊተዉ ይችላሉ። ያን ማታ አይከራከር፣ ሐሳቡንም አይቀይር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ይሂድ። መጀመሪያ የሚሰሙት ቁጣ የመጨረሻ መልሳቸው አይደለም።

(ከሕንድ ስመ ጥር የሥነ ልቦና ተንታኞች አንዱ የነበሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ያረፉት ሱዲር ካካር መጀመሪያ የተማሩት መካኒካል ምህንድስና ነበር። ቀጥሎ ኢኮኖሚክስ አጠኑ፤ ወደ ሥነ ልቦና የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ለባለቤትሽ ይህን ንገሪው። ለአባቱ ግን ባትነግሯቸው ይሻላል።)

«አይቋረጥም» ብሎ ቃል ከመግባቱ በፊት ግን ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ። አዲሱ ደመወዝ በዓመት 10 ላክ፣ ማለትም 1,000,000 ሩፒ ነው ብለሻል። በወር ከ80,000 ትንሽ ይበልጣል። የቤት ብድራችሁ 45,000 ነው። ለወላጆቹ 20,000 ይላካል። ለሁለታችሁ ኑሮ 18,000 እና ሽርፍራፊ ይቀራል። ሃይደራባድ ላይ በዚህ መኖር አይቻልም። ቤቱን አከራይታችሁ ጉንቱር ትገባላችሁ? ወይስ ትሸጡታላችሁ? መልስ ሳታገኙ ቃል መግባት አባትየውን ሁለት ጊዜ ማሳዘን ነው። የአክስትየውን ነገር ደግሞ ለእሱ ተይለት። ሲናገሩሽ አትመልሺ፤ ዘመዱን ዝም ማሰኘት የእሱ ሥራ ነው።

አሁን ወደ አንቺ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አንቺ ምን እንደምትፈልጊ የሚናገር አንድ መስመር አላገኘሁም። የባልሽን ፍላጎት በዝርዝር ጽፈሻል፤ የአማቶችሽንም እንዲሁ። ማስተርስ ያላት ሴት በትዳር ያገኘችው ቪዛ ሥራ ስለማይፈቅድላት ቤት እንደተቀመጠች ግን በአንድ ቅንፍ ውስጥ አልፈሽዋል። አሜሪካ በውስጥ ዝውውር የሚሄድ ሰው የትዳር ጓደኛ እዚያ መሥራት እንደሚፈቀድለት ታውቂያለሽ? ምናልባት ታውቂያለሽ። ምናልባት በልብሽ ዳላስን የምትፈልጊው አንቺ ትሆኛለሽ፤ ጥሩ ሚስት ለመምሰል ነው ዝም ያልሽው። ተሳስቼ ይሆናል። ካልተሳሳትኩ ግን ባለቤትሽ ይህን መስማት ያለበት አሁን ነው፤ ጉንቱር ገብታችሁ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በንዴት ላይ፣ መሆን የለበትም። እሱ ከአባቱ ፊት የሚሸሸውን ያህል አንቺም ከእሱ ፊት እየሸሸሽ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ዳላስም ሆነ ጉንቱር፣ የራስሽን በር አሁን መክፈት ትችያለሽ። ሕንዳዊ ያገባ የውጭ ዜጋ ጋብቻው ተመዝግቦ ሁለት ዓመት ከዘለቀ ኦሲአይ (በውጭ የሚኖር የሕንድ ዜጋ እንደማለት) የሚባለውን ካርድ ማመልከት ይችላል። ስሙ ዜግነት ቢመስልም ዜግነት አይደለም፤ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርትሽ ይቆያል። ካርዱ ካለሽ ለአብዛኛው ሥራ የሥራ ቪዛ አያስፈልግሽም። የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁን አውጪና ቀኑን እዪ። ሁለት ዓመቱ ከሞላ እሱ እስኪወስን አትጠብቂ፤ ማመልከቻውን በዚህ ሳምንት ጀምሪው።