«ልጄ ብቻውን ያወራል፤ አባቱ ደግሞ ደነዝ ነው ይለዋል»

ጥያቄ፦ አምስት ዓመት ተኩል የሆነው ወንድ ልጅ አለኝ፤ ዩኬጂ ይማራል። ማታ ማታ አባቱ ሲያስጠናው «5 ሲደመር 3 ስንት ነው?» ይለዋል፤ ካልመለሰ ይጮኽበታል፣ አንዳንዴም ይቆነጥጠዋል። ባለፈው ሳምንት ለእርሱና ለእህቱ እኩል ዳቦ ቆርሼ ስሰጣቸው «የእርሷ ይበልጣል» ብሎ አለቀሰ። የእርሱን ለሁለት ብከፍልለት «አሁን የእኔ በለጠ» ብሎ ደስ አለው። አባቱ ይህን አይቶ «ይህ ልጅ ደነዝ ነው» አለ። እኔን ይበልጥ ያስጨነቀኝ ሲጫወት ብቻውን ማውራቱ ነው። አማቴ «አንድ ነገር ይዞታል፤ ጠበል ውሰጂው» ይሉኛል። ከባለቤቴ ጋር ከተኳረፍን ሁለት ሳምንት ሆነን።

መልስ፦ እህቴ፣ ጭንቀትዎ ገብቶኛል፤ ዳቦው ላይ ስደርስ ግን ፈገግ ማለቴን አልደብቅዎትም። ልጅዎ የእድሜውን ነው ያደረገው።

ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ በ1920 እ.ኤ.አ. ገደማ ፓሪስ ውስጥ ለልጆች የሚሰጥ የአእምሮ ፈተና ላይ ይሠራ ነበር። ቀልቡን የሳቡት የተሳሳቱት መልሶች ናቸው። በአንድ ዕድሜ ያሉ ልጆች ሳይመካከሩ ያው ስህተት ላይ ይወድቃሉ። ነገሩን ባለቤትዎ ራሳቸው ቢሞክሩት እመርጣለሁ። በሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች እኩል ውኃ ያድርጉ፤ ልጁ «እኩል ነው» ካለ በኋላ አንዱን ረጅምና ቀጭን ብርጭቆ ውስጥ ይገልብጡት። «ይሄኛው በዛ» ሊል ይችላል፤ ቁመቱን አይቶ ስፋቱን ይረሳዋልና። ዳቦው ሁለት ሲሆን የበለጠ የመሰለው በዚሁ ምክንያት ነው። አብዛኞቹ ልጆች ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ይህን ያልፉታል።

እርግጥ ፒያዤ ልጆችን ዝቅ አድርጎ ገምቷል የሚሉ አሉ፤ እኔም በከፊል እስማማለሁ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ስኮትላንዳዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማርጋሬት ዶናልድሰንና ባልደረባዋ ተመሳሳይ ሙከራ በሁለት እኩል ረድፍ በተደረደሩ ጠጠር መሰል ነገሮች አደረጉ፤ አንዱን ረድፍ የሚያበላሸው ግን አዋቂው ሳይሆን «ባለጌ» የድብ አሻንጉሊት ነበር። ያን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ካሉት ብዙዎቹ በትክክል መለሱ። አዋቂ ሰው አንድን ጥያቄ ደግሞ ሲጠይቅ ልጅ «የመጀመሪያው መልሴ ተሳስቷል ማለት ነው» ብሎ ያስባል። እርስዎ ቤት ደግሞ ከጥያቄው ኋላ ቁንጥጫ አለ። ልጁ ማታ የሚያነበው ቁጥሩን ሳይሆን የአባቱን ፊት ነው።

ብቻውን ማውራቱን በተመለከተ ፒያዤ የልጅነት ምልክት ነው፣ ሲያድግ ይጠፋል አለ። ከእርሱ ጋር በአንድ ዓመት፣ በ1896 እ.ኤ.አ. የተወለደው ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ አልተቀበለውም። ቪጎትስኪ ገና በ37 ዓመቱ በሳምባ ነቀርሳ ሞተ፤ በዚያች አጭር ዕድሜ ያየው ነገር ግን ዛሬም ይሠራል። ልጆች ሥዕል ሲስሉ የሚያስፈልጋቸውን እርሳስ ወይም ወረቀት አጉድሎ ጠበቀ። ለራሳቸው የሚናገሩት በእጥፍ ገደማ ጨመረ። አንዱ ልጅ ሰማያዊ እርሳስ ሲያጣ በቀዩ ሥሎ በውኃ ቢያረጥበው ሰማያዊ እንደሚመስል ለራሱ እየነገረ መፍትሔ ፈለገ። ንግግሩ ሐሳቡ ነበር፤ ገና ወደ ውስጥ አልገባም እንጂ። እርስዎም መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር እምቢ ሲልዎት «ቆይ እስኪ» አይሉም?

የልጅዎ ድምፅ ቀስ በቀስ ሹክሹክታ ይሆናል፣ ከዚያ ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ በመጨረሻም ወደ ውስጥ ገብቶ ይሰወራል። ስለዚህ «ዝም በል» አይበሉት። ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ ሌሎች ልጆችን ጨርሶ የማይቀርብ፣ ያውቃቸው የነበሩ ቃላትን የረሳ ከሆነ ወይም ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ያዝዘኛል ብሎ የሚፈራ ከሆነ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ያሳዩት። ከደብዳቤዎ ይህን አላየሁም።

ለባለቤትዎ የማስተላልፈው ከቪጎትስኪ የተገኘ ሌላ ነገር አለ። ልጅ ብቻውን የማይችለውን በሰው እርዳታ የሚችልበት ቦታ አለ፤ ትምህርት የሚገባው እዚያ ላይ ነው። 5 ሲደመር 3 በቃል ካቃተው አምስት ባቄላ ያስቀምጡ፣ ሦስት ይጨምሩ፣ አብረው ይቁጠሩ። ነገ እርስዎ ጀምረው እርሱ ይጨርስ። ገበጣ የሚችሉ ከሆነ ደብተሩን ለሳምንት ዘግተው ያጫውቱት። ይህን ሲነግሯቸው «ተሳስተሃል» ብለው አይጀምሩ፤ የሁለት ሳምንት ኩርፊያ ላይ ይህ ክብሪት ነው። ውኃውን ራሳቸው ይገልብጡት፣ መልሱን ከልጁ አፍ ይስሙ።

አማትዎን በጠበሉ ጉዳይ አይጋጯቸው፤ አብረዋቸው ቢሄዱም ልጁን አይጎዳውም። ልጁ ባለበት ግን «አንድ ነገር ይዞታል» እንዳይባል እርስዎና ባለቤትዎ ተስማምተው ይንገሯቸው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ስለ ራሱ የሰማውን ያምናል።