ሊንከንን «ይዋጣልን» ያለው ሰውዬ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። አብርሃም ሊንከን ፕሬዚዳንት ሳይሆን በፊት ከአንድ ሰው ጋር በጎራዴ ሊገጥም ነበር ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ሰውየው ማን ነው? በኋላስ ምን ሆነ?

መልስ፦ አዎ፣ እውነት ነው። ሰውየው ጀምስ ሺልድስ ይባላል። በ1806 አየርላንድ ተወለደ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ በወጣትነቱ አሜሪካ ገባ፣ ኢሊኖይ ውስጥ ጠበቃ ሆነ፣ ከዚያ ፖለቲካው ሳበው።

ጠቡ የተነሳው በ1842 ነው። ሺልድስ ያኔ የግዛቲቱ ዋና ኦዲተር ነበር። የኢሊኖይ ባንክ ተንኮታኩቶ ስለነበር «በባንኩ የወረቀት ገንዘብ ግብር አንቀበልም» የሚል ትእዛዝ አወጣ። በተቃራኒው ፓርቲ የነበረው ሊንከን ርብቃ የምትባል የገጠር ሴት መስሎ ጋዜጣ ላይ ደብዳቤ ጻፈ፤ ትእዛዙን ብቻ ቢተች ባልከፋ፣ እሱ ግን ሰውየው ሴቶች ፊት እንዴት እንደሚንጠባረር ሳይቀር አንስቶ መሳቂያ አደረገው። በኋላ ሚስቱ የሆነችው ሜሪ ቶድም ከጓደኛዋ ጋር ሆና ሌላ ጨመረችበት። ሺልድስ ጸሐፊውን ሲያፈላልግ ሊንከን ኃላፊነቱን ወሰደ። ይዋጣልን ተባለ።

መሣሪያ የሚመርጠው የተጠራው ወገን ነው። ሊንከን ትልልቅ የፈረሰኛ ጎራዴ መረጠ፣ መሃል ላይ ማንም የማያልፈው ሳንቃ ይጋደም አለ። እሱ ቁመቱ 1.93 ሜትር ነው፣ ሺልድስ ደግሞ በጣም ያጥረዋል! ኢሊኖይ እንዲህ ያለውን ግጥሚያ በሕግ ስለከለከለች የሚሲሲፒን ወንዝ ተሻግረው ወደ ሚዙሪ በኩል ሄዱ፤ እዚያ ሽማግሌ ገባና ሳይነካኩ ተመለሱ። በእኔ እይታ ጥፋቱ የሊንከን ነበር።

ሺልድስ ከዚያ በኋላ ያሳለፈው ሕይወት ግን ከዚህ ወሬ ይበልጣል። አሜሪካ ከሜክሲኮ ጋር ስትዋጋ በ1847 ሜክሲኮ ውስጥ ሴሮ ጎርዶ ላይ ሳንባውን ተመትቶ ተረፈ። በ1849 ኢሊኖይ ለሴኔት መረጠችው፤ ዜግነት ካገኘ 9 ዓመት አልሞላውም ተብሎ ምርጫው ተሰረዘ፣ ዓመቱ ሞላለትና በዚያው ዓመት ድጋሚ ተመረጠ። ቀጥሎ ወደ ሚኒሶታ ሄደ። በ1858 ግዛቷ ኅብረቱን ስትቀላቀል ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴናተሮች አንዱ ሆነ፣ ነገር ግን የሁለቱ የሥራ ዘመን በዕጣ ሲለይ አጭሩ ደረሰውና አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ወጣ።

የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሳ ብርጋዴር ጄኔራል አድርጎ የሾመው ማን ይመስላችኋል? ሊንከን። ክፍለ ጦሩ በመጋቢት 1862 ከርንስታውን ላይ ስመ ጥሩን የደቡብ ጄኔራል ስቶንዎል ጃክሰንን አሸነፈ፤ ሺልድስ ራሱ ግን በዋዜማው ቆስሎ ተኝቶ ነበር። ሰኔ ላይ ጃክሰን ብድሩን መለሰ። በዓመቱ ሺልድስ ሠራዊቱን ለቀቀ።

በመጨረሻ ሚዙሪ ሰፈረ። በ1879 ግዛቷ የጎደለ ወንበር እንዲያሟላ ለጥቂት ሳምንታት ሴኔት ላከችው፣ በዚያው ዓመት አዮዋ ውስጥ ሞተ። ሦስት ግዛቶችን ወክሎ ሴኔት የተቀመጠ ሌላ ሰው እስካሁን የለም።