መልስ፦ የአከራዬን ስልክ ብቀዳ ያስጠይቀኛል ወይ?

ወንድሜ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነህ፣ አከራይህ «ዲፖዚትህን እመልሳለሁ» ሲሉ በስልክ ልቅዳቸው ወይ ላልከው፦ ሳትነግራቸው እንዳትሞክራት!

ጓደኛህ «ምንም ችግር የለውም» ያለህ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ስለሚኖር ነው። በቨርጂኒያም በዲሲም ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ፣ ማለትም ያንተው፣ ይበቃል። የፌዴራሉም ሕግ እንደዚያው ነው። ሜሪላንድ ግን ሁሉም ካልተስማማ አይሆንም ትላለች። ቀልድ አይደለም፤ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 10,000 ዶላር ያስቀጣል። ቅጂውንም ፍርድ ቤት አይቀበልህም። በፕሬዚዳንት ክሊንተን ቅሌት የምትታወቀውን የሞኒካ ሉዊንስኪን ስልክ የቀዳችው ሊንዳ ትሪፕ በሜሪላንድ የተከሰሰችው በዚሁ ሕግ ነበር፤ ክሱ የተቋረጠው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። አከራይህ ቨርጂኒያ ቢሆኑም ጠበቅ ያለውን ሕግ ብትከተል ይሻልሃል።

ስልክ ደብቆ ሰዎች ለብቻቸው ሲያወሩ መቅዳትማ ቨርጂኒያም ቢሆን ወንጀል ነው።

ለምን በቴክስት አትጨርሰውም? «ጋሼ፣ ዛሬ በስልክ ዲፖዚቱን ሙሉውን እመልሳለሁ ያሉኝ እስከ መቼ ነበር?» በልና ላክ። ቀን ጽፈው ከመለሱልህ ማስረጃህ እጅህ ላይ ነው። ለነገሩ የሜሪላንድ ሕግ ራሱ ከቤቱ ከወጣህ በኋላ ለአከራዩ የሚሰጠው 45 ቀን ብቻ ነው።