ቲማቲሙ ቀልቶ እስኪያልቅ አትጠብቂ

«ኮምቦልቻ ጓሮዬ ያለው ቲማቲም ሊደርስ ሲል እየተሰነጠቀ አስቸገረኝ፤ ዝኩኒውም ክንድ አክሎ ዘር ብቻ ሆነ፤ መቼ ልልቀም?» ላልሽው እህቴ፦ አብሽሪ፣ እኔም ደሴ ላይ ሁለት ክረምት ከስሬ ነው የተማርኩት።

ችግሩ ከዘሩ አይመስለኝም፤ ከለቀማው ነው። አፈሩ ሰንበትበት ብሎ ደርቆ ሳለ የነሐሴ ዶፍ ሲወርድበት ሥሩ ውሃውን ባንዴ ይስባል። ፍሬው ከውስጥ ያብጣል፣ ልጣጩ ግን አይለጠጥም፤ ይተረተራል። የበሰለው ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ እኔ ከታች በኩል ቀላ ማለት ሲጀምር እለቅመዋለሁ። ቤት ውስጥ ሰፌድ ላይ ዘርግቶ መተው ነው፤ በጥቂት ቀን ራሱ ይቀላል። ከበሰለ ሙዝ ጋር ካርቶን ውስጥ ከከተትሽው ይፈጥናል። ፍሪጅ አታስገቢው፤ ጣዕሙ ይሄዳል። ፀሐይ ላይም አታስጪው፤ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካለፈ በደንብ አይቀላም፣ ቢጫ ቢጫ ይላል። እናንተ ጋ ከደሴ ስለሚሞቅ ይሄን ልብ በይ።

ዝኩኒ ምሕረት የለውም። ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ሲደርስ ቁረጪው። አንዱ አርጅቶ ዘር ከያዘ ተክሉ አዲስ ማፍራቱን ይቀንሳል። እኔ አንዴ ለቅሶ ሄጄ ከሳምንት በላይ ቆየሁ፤ ስመለስ ዝኩኒው ሁሉ አርጅቶ ጠበቀኝ፤ የበላችው የጎረቤት ላም ናት። ፎሶሊያም እንደዛው ነው፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ ካልተለቀመ ክር ይሆናል። ጤዛው ሳይደርቅ ግን አትንኪው፣ በርጥብ ቅጠል በሽታ ይዛመታል። ቃሪያ በመቀስ ይሁን፤ ስትጎትቺው ቅርንጫፉ አብሮ ይመጣል።

መታገስ ያለብሽ ለድንችና ለዱባ ነው። ድንቹን ቸኩዬ ያወጣሁ ጊዜ ልጣጩ በእጄ እየተላጠ አስቸገረኝ። ይባስ ብዬ በረንዳ ላይ አሰጣሁት፤ አረንጓዴ ሆነ። እንዲህ የሆነ ድንች ይመርራል፣ መርዝም አለው፤ ጣልኩት። አሁን ግንዱ ሲደርቅ አጭደዋለሁ፣ ሁለት ሳምንት ቆይቼ አወጣና ጨለማ ቦታ አስቀምጠዋለሁ። ዱባውን ደግሞ ጥፍርሽ ልጣጩን መብሳት ሲያቅተው ከነእጀታው ቁረጪው። እጀታው ከተነቀለ ቶሎ ይበሰብሳል።

አሁን የተሰነጠቀውን ቲማቲም ዛሬውኑ ለስልስ አድርጊው። የሻገተው ግን ይቅርብሽ።